ስልካችን ሰዓታችንን አያውቅም

ማምሻውን ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ የተቀመጠ ሰው ሁለት ክርክር ሳይሰማ አይነሳም። አንዱ የእንግሊዝ ኳስ ነው። ሌላው «አይፎን ይሻላል ወይስ ሳምሰንግ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። ሁለተኛው ግን ያንገበግበኛል። ተከራካሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢ የወጡ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው ኮድ የሚጽፉ። ስለ ካሜራው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ስክሪኑ ጥራት ሲፋለሙ ያመሻሉ። አንዱም ግን «ለመሆኑ ይህ ዕቃ እኛን ያውቀናል?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ እጠይቃለሁ፤ መልሴንም ከወዲሁ እናገራለሁ። አይፎኑም አንድሮይዱም እኛን አስበው አልተሠሩም። ከሁለቱ አንድሮይድ ይሻለናል። ከሁለቱም በላይ የበደሉን ግን ቋንቋችንን እየተናገሩ፣ ሰዓታችንን እየቆጠሩ፣ አፑን ሲሠሩ ሁለቱንም የሚረሱት የገዛ ሰዎቻችን ናቸው።

የአይፎን ወዳጆች ትልቁ መከራከሪያ ወጥነት ነው። እውነት አላቸው፤ አልክድም። አይፎን የያዘ ሰው ሌላ አይፎን ቢሰጡት አይደናገርም። ማስተካከያው ያው ቦታ ነው፤ አዝራሩ ያው ነው። ዕድሜም አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ እስከ ጥር 2023 ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ ሲደርሰው ነበር። በአንድሮይድ በኩል ደግሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ልብስ ያለብሰዋል። ሳምሰንግ ዋን ዩአይ ይለዋል፣ ቴክኖ ሃይኦኤስ፣ ኢንፊኒክስ ኤክስኦኤስ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንዱ የሼንዘን ኩባንያ የትራንሽን ልጆች ሆነው እንኳ መልካቸው ይለያያል። እናቱን በቴክኖ ገንዘብ መላክ ያስተማረ ልጅ ሳምሰንግ ሲገዛላት እንደገና ከሀ ይጀምራል። ሳምሰንግም ቢሆን ለሰባት ዓመት ማሻሻያ እሰጣለሁ ብሎ በመጀመሪያ ቃል የገባው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ለወጣው ለጋላክሲ ኤስ24 ነው፤ ያ ስልክ ደግሞ የአስተማሪ ደመወዝ የሚያልመው አይደለም። ብዙው ርካሽ ስልክ አንድ ሁለት ጊዜ ታድሶ ይረሳል።

ግን ይህ የተመሰገነ ወጥነት በየትኛው ቋንቋ ነው? ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ አይፎን ሜኑውንና ማስተካከያውን ከሚያቀርብባቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም። የዚህን ያህል ሚሊዮን ሕዝብ የሚናገረው፣ የራሱ ፊደል ያለው፣ የመንግሥት ሥራ የሚሠራበት ቋንቋ የለም። አንድሮይድ አማርኛ አለው። ትርጉሙ አንዳንድ ቦታ ጎርባጣ ነው፣ አንዳንድ ቦታ እንግሊዝኛው ሳይተረጎም ይቀራል፤ ነገር ግን አለ። የዘጌ ገበሬ የቡና ብሩን ለመቀበል የሚከፍተው ስልክ በአማርኛ ቢያነጋግረው ይሻለዋል ወይስ የትም ቦታ ሳይለዋወጥ በእንግሊዝኛ ቢያነጋግረው? እኔ መልሱ አያጠራጥረኝም። የማይገባኝ ነገር ሳይለዋወጥ ቢቀርብልኝ ምን ይጠቅመኛል?

ታሪኩንም እናስታውስ፤ ወጣቶቹ አያውቁትምና። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የመጀመሪያው አይፎን በ2007፣ የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ በ2008 ወጡ። ስለዚህ ሁለቱም ሲወለዱ ፊደላችን በዓለም አቀፉ መዝገብ ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። «አላወቅንም» የሚባል ምክንያት አልነበረም። የሆነው ግን ምንድን ነው? የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች የአማርኛ ጽሑፍ ሲደርሳቸው ባዶ ሳጥን ደርድረው ያሳዩ ነበር። አይፎን ደግሞ አይኦኤስ 8 እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪመጣ ድረስ ሌላ ሰው የሠራውን ኪቦርድ ጨርሶ አያስገባም ነበር፤ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድም አልነበረውም። አማርኛ መጻፍ የፈለገ ሰው በአንድ አፕ ላይ ጽፎ፣ ቀድቶ፣ ሌላው ላይ ይለጥፍ ነበር። አንድሮይድ ከ2009 ጀምሮ በሩን ለውጭ ኪቦርድ ከፍቶ ስለነበር የእኛ ልጆች ገብተው የግዕዝ ኪቦርድ ሠሩበት። ቴክኖም በተራው ባለቁልፍ ስልክ ዘመን በአማርኛ ቀርቦ ነው ገበያውን የያዘው። አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድ ያወረሱን እነዚያ ዓመታት ናቸው። አሁንም የሚጽፉ አሉ። ልጆቹን አልወቅስም፤ መሣሪያው ነው ያስለመዳቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሰዓት።

በእኛ አገር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ከጣና ማዶ ፀሐይ ብቅ ስትል 12 ሰዓት ነው፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ስንቆጥር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ የቀንና የሌሊታችን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለያይም፤ ስለዚህ አቆጣጠሩ ከኑሯችን ጋር የገጠመ ነው። ከፈረንጁ ጋር ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ነው። ክረምት በጋ አይለውጠውም። ለኮምፒውተር ከዚህ የቀለለ ስሌት የለም።

ታዲያ ስልካችን ምን ያደርጋል? አማርኛ ላይ የተደረገ ስልክ የፈረንጁን ንጋት፣ ማለትም የእኛን 11:30፣ «5:30 ጥዋት» ብሎ ይጽፋል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ደግመህ አንብበው። ከጠዋቱ 5:30 ማለት በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በአዲስ አበባ፣ አማርኛ በሚነገርበት ቦታ ሁሉ ረፋድ ነው፤ ለምሳ የተቃረበ ሰዓት ነው። ስልኩ የፈረንጅ ቁጥር ላይ የአማርኛ ስም ለጥፎ ውሸት ያወራል። እንግሊዝኛ ላይ ቢተውት ቢያንስ የፈረንጅ ሰዓት መሆኑ ይታወቅ ነበር። አማርኛው ሲጨመርበት ነው አደገኛ የሚሆነው።

ይህ ለቃላት ለቀማ የሚነሳ ነገር እንዳይመስላችሁ። አክስቴ ለሕክምና ቀጠሮ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የአውቶቡስ ትኬት በስልክ ተቆረጠላቸው። የደረሳቸው መልእክት በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፦ መነሻ 5:30 ጠዋት። ሰብሰብ ብለው፣ ስንቃቸውን ይዘው፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ተገኙ። አውቶቡሱ ንጋት ላይ ሄዷል። ቀጠሮው አለፈ፤ ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ወራት ፈጀ። የትኬት ሻጩ ልጅ «እትዬ፣ ሰዓቱ እኮ በፈረንጅ ነው» አላቸው። እርሳቸው ማታ ቤት ተቀምጠው የነገሩኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብሁት። ማንበብ መቻሌ ነው ጥፋቴ?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው አፕ አይሥራ።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ እንወቅ፤ ካላወቅን ማንን እንደምንጠይቅ አናውቅም። ዩኒኮድን የሚመራው ማኅበር ሲኤልዲአር የተባለ የዓለም ቋንቋዎች የመረጃ ቋት ያዘጋጃል። የወራት ስም፣ የቀናት ስም፣ የሰዓት አጻጻፍ፣ የገንዘብ ምልክት በየቋንቋው እዚያ ተመዝግቦ ይገኛል። አፕልም ጉግልም ከዚያው ይቀዳሉ። ከቀትር በፊት ያለው «ጥዋት»፣ ከቀትር በኋላ ያለው «ከሰዓት» ተብሎ የተጻፈው እዚያ ነው። የፈረንጁ ወራትም እዚያው «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» ተብለው ሰፍረዋል፤ አማርኛ ያደረግነው ስልክ ጥር የሚባል ወር እንዳለን ሳያነሳ «ጃንዩወሪ» የሚለን ለዚህ ነው። በአማርኛ የሚሠራ አፕ ከሆነ በዚህ ጉዳይ አይፎንና አንድሮይድ አይለያዩም። ካፌ ውስጥ የሚጣሉት ልጆች የሚጣሉላቸው ሁለት ኩባንያዎች እኛን ሲያሳስቱ ከአንድ ማድጋ ነው የሚቀዱት።

የበለጠ የሚያስቆጣኝ ግን የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ስልኮቹ የእኛን ካላንደር አያውቁትም ብላችሁ ታስባላችሁ። ያውቁታል! አፕል ለፕሮግራመሮች በሚሰጠው መሣሪያ ውስጥ ከአይኦኤስ 8 ጀምሮ የኢትዮጵያ ካላንደር፣ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀር፣ አለ። አንድሮይድም እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ አለው። አሥራ ሦስቱ ወራት፣ አምስቷም ስድስቷም የጳጉሜን ቀን፣ የዘመነ ሉቃሱ ስሌት፣ ሁሉም በየኪሳችን ተሸክመነው እንዞራለን። ፕሮግራመር ጥቂት መስመር ጽፎ ያወጣዋል። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ባንክ፣ አንድ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት፣ ለኢትዮጵያዊ ደንበኛ በሠራው አፕ ላይ የብድር መክፈያ ቀንን በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ሲያሳይ «ቴክኖሎጂው አይፈቅድም» ማለት አይችልም። ቴክኖሎጂው ፈቅዷል። ያልፈቀደው ልቡ ነው።

ልጁ ዕቁብ የሚጥለው ወር በገባ በ12 ነው። እናቱ ማኅበር የምትጠጣው በ21 ነው። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በወር 30 ነው። ደመወዝም በእኛው ወር ይቆጠራል። ኑሯችን እንዳለ በዚህ ይሄዳል፤ ስልካችን ብቻ በሌላ ዓመት ይኖራል። ስም መፈለግም ያው ነው። ወዳጃችሁን «ፀሐይ» ብላችሁ መዝግባችሁ «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጓት ስልኩ የለችም ይላችኋል፤ አይፎንም ቢሆን፣ አንድሮይድም ቢሆን።

ወደ ገዛ ሰዎቻችን ልመለስ። የእኔ ቁጣ ሦስት እጁ እነርሱ ላይ ነው። የካሊፎርኒያ መሐንዲስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲባል ምን እንደሆነ ባያውቅ አልፈርድበትም። ከዚሁ ያደገ፣ እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአማርኛ ካላንደር እያየ ያደገ ልጅ ሲረሳው ግን ምን እንበለው? አንድ አፕ ተሠርቶ ሲወጣ አይፎን ላይ አምሮ፣ አንድሮይድ ላይ ተቆራርጦ ይወጣል። አለቃው የያዘው አይፎን ነውና፤ የሚመረቀውም በአለቃው ስልክ ነው። እኔ በምጠቀምበት የባንክ አፕ ላይ አማርኛ ስመርጥ ግማሹ ገጽ እንግሊዝኛ ሆኖ ይቀራል፤ አዝራሩ ላይ ያለው የአማርኛ ቃል ጠርዙ ተቆርጦ «ላክ» ይሁን «ላኪ» አይለይም። ገንዘብ በሚላክበት አዝራር ላይ! ስልኩ ትንሽ ሲያረጅ ደግሞ «አፕዴት ካላደረጉ አይሠራም» ይላል፤ አፕዴቱ ስልኩን አይቀበልም። አዛውንቱ ስልክ እንዲቀይሩ ነው የሚጠየቁት። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ አዲስ ስልክ መግዛት ምን እንደሆነ እዚህ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

የማረጋገጫ ኮዱም በእንግሊዝኛ የሚላከው አለምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ግን 70 ብቻ። የአማርኛ መልእክት ረዘም ካለ በሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ወጪውም ይጨምራል። ድርጅቶቹ ይህን ያውቃሉ። ታዲያ በ70 ምልክት አማርኛ አይጻፍም? «ኮድዎ 4812 ነው። ለማንም አይስጡ።» ይህ ከሠላሳ ምልክት አያልፍም። አማርኛ አጭር ጽሑፍ የማይችል ቋንቋ አይደለም፤ አሳጥሮ የሚጽፍለት ሰው ነው ያጣው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን «ለማንም አይስጡ» ያላነበቡ ስንት እናቶች ኮዳቸውን ለአጭበርባሪ በስልክ አንብበዋል?

እዚህ ላይ ማመስገን ያለብኝን ላመስግን። በዚህ ከተማ የትኛውም ስልክ ላይ ሳይለዋወጥ የሚሠራው አገልግሎት አይፎንም አንድሮይድም አይደለም፤ ኮከብና መሰላል ነው። *127# ብላችሁ ስትደውሉ ቴሌብር ይከፈታል፤ *889# ስትሉ ንግድ ባንክ። ባለቁልፉ አይቴል ላይ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቴክኖ ላይ፣ የመጨረሻው አይፎን ላይ፣ ሁሉም ላይ አንድ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር አማርኛን ጨምሮ በአምስት ቋንቋ መጣ። ይህ የኮከብ ቁጥር ዳታ አይፈልግም፤ የሚሄደው በጥሪው መንገድ ነው፤ ጥሪ ካለ እርሱም አለ። ፋሽን የሚያሳድዱ ሰዎች ኋላ ቀር ይሉታል። እኔ ግን የሚያስተምረን እርሱ ነው እላለሁ፦ ተጠቃሚው ምን ስልክ እንደያዘ አይጠይቅም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ክልላችን አማራ በመከራ ተምሮታል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለረጅም ወራትም ሳይመለስ ቆየ። ያን ጊዜ ባለ ብዙ ሺህ ብሩ ስልክም ተራውም እኩል ሆኑ። ቴሌግራም የለም፣ ካርታ የለም፣ ከውጭ አገር ዘመድ ጋር በኢሞ መተያየት የለም። ያለ ኢንተርኔት አንድ ገጽ እንኳ የማይከፍቱ አፖች በየስልኩ ላይ ሥዕል ሆነው ቀሩ። ኢንተርኔት መዝጋት ግፍ ነው፤ የዘጋው ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን አፕ ሠሪዎቻችንም ከዚያ ምንም አለመማራቸው ያሳዝነኛል። ዛሬም የሚሠሩት አፕ አዲስ አበባ ቦሌ ባለ ፈጣን ዋይፋይ ላይ ተሞክሮ የሚወጣ ነው። ጎርጎራ መንገድ ላይ፣ ደቅ ደሴት ላይ፣ ኔትወርኩ አንድ መስመር ብቻ በሚያሳይበት ቦታ ይሠራ እንደሆነ ማንም አይፈትሸውም።

ስለ ጥገና አንድ ቃል ብቻ። አፕል አገራችን ውስጥ የራሱ መደብር የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አይፎን 11 ጀምሮ ደግሞ ስክሪኑ በሌላ ዕቃ ከተተካ ስልኩ «ኦሪጅናል መሆኑ አልተረጋገጠም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በየሰፈሩ ያሉት ጠጋኞቻችን ጎበዞች ናቸው፤ ዕቃ የሚያገኙለት ግን አንድሮይዱ ነው። ይህም አንድ ነጥብ ለአንድሮይድ ነው። 

እንግዲህ ካፌ ውስጥ ለምትከራከሩት ልጆች የምላችሁ ይህ ነው። ከእናንተ መካከል ኮድ የሚጽፍ ካለ በኢትዮጵያ ሰዓትና በኢትዮጵያ ካላንደር የማያሳይ አፕ ለሕዝብ አታውጣ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳይ፣ የትኛው የማን እንደሆነም ጻፍ። አፑን በአለቃህ ስልክ ሳይሆን በእናትህ ስልክ ሞክረው። 12 ወይስ 24 ሰዓት ብሎ የሚጠይቅ ስልክ ሁሉ «የኢትዮጵያ ሰዓት» የሚል ሦስተኛ ምርጫ እንዲጨምር አፕልንም ጉግልንም ጠይቁ፤ በሚሊዮን ሆነን ብንጠይቅ መስማት አይቸግራቸውም። ለሕዝብ አፕ የሚያስወጡ መሥሪያ ቤቶችም በአማርኛ ላልተሟላ አፕ ክፍያ አይፈጽሙ፤ በውላቸው ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በኮምፒውተርም በአማርኛም የሠለጠኑ መምህራን አሉት። ሲኤልዲአር በየጊዜው ከሕዝብ የእርማት ሐሳብ ይቀበላል፤ ማንም ሰው አካውንት ጠይቆ መግባት ይችላል። «ጥዋት» የሚለውን ሐሰተኛ ምልክት ከስልኮቻችን ላይ ማንሳት ከዚያ ይጀምራል። ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ቸገረን ስትሉ እሰማለሁ፤ ይኸውላችሁ ርዕስ። ግቡና አርሙት።